ከአዲስ አበባ ገበያ ወደ ጌዴኦ ዳገት፦ ያገለገለ ፎር ዊል መኪና ግዢና እድሳት

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። የዞኑ መሬት በዲላ ዙሪያ ካለው 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ በቡሌ ደጋ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የእንሰት፣ የቡናና የዛፍ ጥምር እርሻ የተዘረጋው፣ የገበሬው መኖሪያም የቆመው በዚሁ ተዳፋት ላይ ነው። ዝናብ በበዛባቸው ወራት ከአስፋልት የወጣው ቀይ አፈር መንገድ ክፉኛ ስለሚያዳልጥ፣ ከዲላ ወደ ቡሌ፣ ወደ ኮቾሬ ወይም ወደ ገደብ ቤተሰቡን የሚያመላልስ ሰው ከመሬት ከፍ ያለና አራቱም ጎማዎቹ ከሞተሩ ኃይል የሚያገኙ፣ በተለምዶ ፎር ዊል የሚባለውን መኪና ቢመኝ ቅንጦት አይደለም። ሰፊው የመኪና ገበያ ያለው ግን አዲስ አበባ በመሆኑ፣ ገዢው ብዙውን ጊዜ ምርጫውን የሚጀምረው በስልክ በተላከለት ፎቶግራፍ ነው። ርቀቱ ደግሞ ዕቃውን በዓይን ደጋግሞ የማየትንና ጉድለት ሲገኝ ወደ ሻጩ ተመላልሶ የመነጋገርን ዕድል ስለሚያጠብበት፣ ከሩቅ የሚገዛ ሰው ሊታመን የሚገባው በሻጩ አንደበት ሳይሆን በሥራው ቅደም ተከተል ነው፤ ሰነዱ ከገንዘቡ፣ ምርመራው ከውሉ፣ ደኅንነቱም ከውበቱ መቅደም አለባቸው።

ያገለገለ መኪና ዛሬ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቅበት ምክንያት በቅርብ ዓመታት ከወጡት ሕጎች ጋር የተያያዘ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ወደ አገር በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ የጣለ ሲሆን፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ፈላጊ የሚገበያየው በአብዛኛው ቀድሞ አገር ውስጥ በገባው መኪና ሲሆን፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ያስቆጠሩ፣ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፉና በየጋራዡ የተጠጋገኑ ናቸው።

በቤተሰብ ዘንድ ከሚፈለጉት መካከል ቶዮታ ራቭ ፎርና ሱዙኪ ቪታራ ይገኙበታል። የሁለቱ አሠራር የተለያየ በመሆኑ ምርጫው በሚሄዱበት መንገድ መወሰን ይኖርበታል። ራቭ ፎር አካሉና መሠረቱ አንድ ሆኖ የተሠራ፣ በአስፋልት ላይ ምቹና ለስላሳ መኪና ሲሆን፣ የቀድሞው ቪታራ ግን አካሉ በተለየ የብረት ሻንሲ ላይ የተጫነና ለከባድ ዳገት የሚያገለግል ተጨማሪ ዝቅተኛ ማርሽ ያለው ነው። ኑሮው ዲላና ሐዋሳ መካከል የሆነ ቤተሰብ የመጀመሪያው ሊበቃው ሲችል፣ በክረምት ወደ ደጋ ቀበሌዎች ለሚመላለስ ግን ሁለተኛው ይሻላል።

መኪናው ከተመረጠ በኋላ መጀመሪያ የሚመረመረው ሊብሬው፣ ማለትም የባለቤትነት ደብተሩ ነው። በሊብሬው ላይ የሰፈሩት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በመኪናው ላይ ከተቀረጹት ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለባቸው፤ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩም የመኪናው ፋይል ካለበት መሥሪያ ቤት መረጋገጥ ይኖርበታል። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ፣ መብቱ ለሌለው ሰው ከመተላለፉ በፊት ቀረጡ መከፈል ስላለበት፣ ይህን ሳያጣራ የገዛ ሰው ያላሰበው ዕዳ ይወድቅበታል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነትም ያስፈልጋል።

ቀብድ የሚከፈልበትም መንገድ ጥንቃቄ ይሻል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል፤ ይህን ጥበቃ ማስከበር የሚቀልለው ግን ቀብዱ መሰጠቱ በጽሑፍ ሲረጋገጥ ስለሆነ፣ በደላላ ቃል ብቻ ከዲላ ወደ አዲስ አበባ ገንዘብ መላክ አይገባም። ከዚህ የባሰው አደጋ ስም ሳያዛውሩ በውክልና ብቻ መኪና መያዝ ነው። ውክልና ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ በመርህ ደረጃም ሰጪው ሲሞት ይቋረጣል፤ በመሆኑም ሙሉ ዋጋ የከፈለው ሰው ከሟች ወራሾች ጋር ሙግት ሊገጥም ይችላል። ስለዚህ ዋናው ክፍያ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ፊት በሚፈረምበት ዕለት ቢፈጸም፣ የስም ዝውውሩም ሳይዘገይ ቢከተል ይመረጣል።

በመኪናው ላይ የሚደረገው ምርመራ ገዢው ራሱ በከፈለውና ከሻጩም ከደላላውም ጋር ጥቅም በሌለው መካኒክ መከናወን አለበት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ ከቁጥሩ ይልቅ የፔዳሎቹ ጎማ፣ የመሪውና የወንበሩ መበላት የበለጠ ይመሰክራሉ። ማግኔት በላሜራው ላይ ሲደረግ የማይጣበቅበት ቦታ ካለ፣ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ የተባለው መሙያ በብዛት መለጠፉን፣ ምናልባትም መኪናው መጋጨቱን ያመለክታል። በጎማው ጎን የታተሙት የመጨረሻ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚናገሩ፣ 2319 የሚል ጎማ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው።

ለጌዴኦ ገዢ ግን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የዳገት ሙከራ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወስደው መንገድ በጥቅሉ ቁልቁለትና ሜዳ በመሆኑ፣ በሞጆና በባቱ አድርጎ ሐዋሳ እስኪደርስ ሞተሩ ብዙም ስለማይጨነቅ፣ የማቀዝቀዣው ድካም ሳይታወቅ ዲላ ይገባና ወደ ቡሌ በሚወጣበት ቀን ይገለጣል። ውኃ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላ ሲሆን፣ ይህን የሚከላከለው በራዲያተሩ ክዳን የሚያዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ከደከመ ወይም ራዲያተሩ ከተደፈነ ውኃው ይፈላል፤ ሙቀቱም ቴስታታ የሚባለውን የሞተሩን የላይኛ ክፍል ሊያጣምምና በሥሩ ያለውን ጓርኒሲዮን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ከውሉ በፊት ቤተሰብ የሚያህል ሰው ተጭኖበት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ቢነዳ፣ የሙቀት መለኪያውም ሳይዘናጉ ቢታይ፣ ዲላ ላይ የሚመጣውን ችግር አስቀድሞ ያሳውቃል።

ከግዢው በኋላ የሚመጣው እድሳት ቅደም ተከተሉን ካልጠበቀ ገንዘብ ያባክናል። መጀመሪያ ሊሠሩ የሚገባቸው ፍሬን፣ ጎማና መሪ ናቸው፤ በተለይ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብና በረዥም ቁልቁለት ሲሞቅ ኃይሉን ሊያጣ ስለሚችል፣ መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ከሆነ መቀየር አለበት። ቀጥሎ የማቀዝቀዣው ክፍልና ሞተሩን የሚያስተባብረው ታይሚንግ ቺንጋ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ትውልድ ራቭ ፎር ባለ 2.0 ሊትር ሞተርና ባለ 1.6 ሊትሩ ቪታራ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚቀየር ቺንጋ ሲኖራቸው፣ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው የሁለተኛው ትውልድ ራቭ ፎር ባለ 2.0 ሊትር ሞተር የሚጠቀመው ሰንሰለት ነው። ሦስተኛው ተራ የአሞርዛተር፣ የጎሚኒና የዲፈረንሻል ነው፤ የዲፈረንሻል ዘይት ነጥቶ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነውና ጭቃና ጎርፍ በሚያቋርጥ መኪና ላይ በየጊዜው መታየት ይገባዋል። ቀለምና የወንበር ልብስ የመጨረሻዎቹ ናቸው።

መለዋወጫ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የሚያስመጣ ሰው የአሮጌውን ዕቃ ቁጥርና የሻንሲውን ቁጥር አብሮ ቢልክ ከማይገጥም ዕቃ ይድናል፤ ፍሬንንና መሪን በሚመለከት ግን ርካሹን ፎርጂድ መግዛት የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ቁጠባ ነው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ገዢው ካለው ገንዘብ ከፊሉን ለእድሳት አስቀርቶ፣ በቀሪው ብቻ መኪና መፈለግ ይኖርበታል፤ ሙሉ ገንዘቡን ለዋጋው የጨረሰ ሰው ልጆቹን ባልተጠገነ ፍሬን ከቡሌ ቁልቁለት ለማውረድ ይገደዳልና።

የተቀየረው ዕቃ፣ ቀኑና የኪሎ ሜትሩ ቁጥር በአንድ ደብተር ከነደረሰኙ ቢመዘገብ ደግሞ ጥቅሙ ለባለቤቱ ብቻ አይሆንም። አዲስ መኪና እየራቀ፣ አሮጌው ግን ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ እየተላለፈ በሚኖርበት አገር፣ እንዲህ ያለው መዝገብ ቀጣዩ ገዢ ከየትኛውም ከተማ ሆኖ የመኪናውን እውነተኛ ታሪክ እንዲያውቅ ያስችለዋል፤ ሐቀኛ ሻጭም የሚገባውን ዋጋ ያገኝበታል።