የቦርከና ወንዝ እንደ መማሪያ፤
ስለ ጎርፍ፣ ስለ ድንጋይና ስለ ታዳሽ ኃይል ለሕፃናት ማስተማር

ድርቅና ጎርፍ ተቃራኒ መስለው ይታያሉ። ይሁን እንጂ የሁለቱም ጉዳት የሚከፋው ዝናቡን ተቀብሎ የሚያቆየው አፈርና ዕፅዋት በተሟጠጠበት ሥፍራ ነው። በ1965፣ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በረሃብ የተጎዳው የወሎ ሕዝብ ይህን በኑሮው አይቶታል። በ1977 ዓ.ም. ከቀዬው ተነሥቶ በመተከል፣ በኢሉባቦርና በወለጋ የሰፈረው ገበሬም የአዲሱን ሥፍራ ዝናብ፣ አፈርና ወንዝ እንደገና መማር ግድ ሆኖበት ነበር። ስለዚህ የውሃና የመሬት ትምህርት ከአንደኛ ደረጃ ሊጀምር ይገባል። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴም ለዚህ የሚበቃ ማስተማሪያ በአካባቢዋ አላት።

ወንዙና ጎርፉ

ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርድና በመጨረሻ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። መምህሩ ይህን መስመር በትምህርት ቤቱ ግቢ በአሸዋ ላይ ቢያሥል፣ ተማሪው አንድ ታላቅ ቁም ነገር ይጨብጣል፤ ይኸውም በከሚሴ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በላይ የዘነበው ዝናብ ወንዙን ሊሞላው መቻሉ ነው። ከብት ይዞ ወንዝ ለሚሻገር ሕፃን ይህ ዕውቀት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከተዳፋት የወረደ ውሃ ሜዳ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የተሸከመውን ደለል ያራግፋል፤ ከዳርቻውም ይወጣል። ይኸው ደለልና እርጥበት ጨፋን ለም ስላደረገው፣ በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ይመጡበታል።

መንስኤውን ለማሳየት ሁለት ጣሳዎች ይበቃሉ። ጎናቸው ከተበሳ በኋላ አንዱ ሣር የበቀለበት፣ ሌላው ባዶ አፈር ይሞላና በእኩል ያዘነብላሉ። እኩል ውሃ ሲፈስባቸው ከባዶው ቶሎና ደፍርሶ ይወጣል፤ ከሣሩ ግን ዘግይቶና ጠርቶ ይወርዳል።

ድንጋዩና አፈሩ

የአካባቢው ተራሮች በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈስሶ በረጋ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተሠሩ ናቸው። በጥቁሩ ድንጋይ ላይ አልፎ አልፎ የሚታዩት ቀዳዳዎች የጋዝ አረፋ የነበረባቸው ሥፍራዎች ናቸው። ተማሪዎች በበጋ ከመምህራቸው ጋር ወጥተው ከተራራ ግርጌና ከወንዝ ዳር ድንጋይ ለቅመው ቢያነጻጽሩ፣ የመጀመሪያው ጠርዙ ስል፣ ሁለተኛው ውሃ ያንከባለለው ድቡልቡል መሆኑን ይረዳሉ። አፈርም ከዚሁ ድንጋይ እጅግ ብዙ ዘመን ወስዶ የተፈጠረ ነው፤ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ግን በቀን ያጥበዋል።

ታዳሽ ኃይል

ተዳፋቱን ከሚያራቁቱት ምክንያቶች አንዱ ለማገዶ የሚቆረጠው ዛፍ ነው። ስለዚህ የውሃ፣ የነፋስ፣ የፀሐይና የእንፋሎት ኃይል ትምህርት ከጎርፉ ትምህርት ተለይቶ አይታይም። ቦርከና ከሚቀላቀልበት በላይ፣ በአዋሽ ላይ የተሠራው የኮካ ግድብ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ ቆይቷል። በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የኮካ ሐይቅ በደለል መጎዳቱ ግን ከተራራ የታጠበ አፈር ማሳውን ብቻ ሳይሆን መብራቱንም እንደሚጎዳ ያስረዳል።

በዞኑ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ ስለሚሰጥ፣ ሕፃኑ በክፍል የሰማውን ማታ ለወላጆቹ በቤቱ ቋንቋ ማስረዳት ይችላል። የጣሳውን ሙከራ በደጃፉ የደገመ ተማሪም እርከንና ችግኝ ለምን እንደሚያስፈልጉ ለቤተሰቡ በዓይን ያሳያል።