የለመደ እጅ እንዳይረሳ፦ የእግር ጉዞ ለአረጋውያን ያለው ጠቀሜታ

በጎንደር ከተማና በአካባቢው ደጋማ ወረዳዎች በዕድሜ የገፉ እናቶች እንዝርት ሲያሾሩ፣ ሸማኔዎች መወርወሪያ ሲያመላልሱ፣ በጎንደር በአታ የአቋቋም መምህራን መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ እጅና እግራቸው ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት ቆም ብለው አያስቡም። ለዓመታት የተደጋገመው ልምምድ በአንጎል ውስጥ ስለሚቀር ነው። ይህ ችሎታ የእንቅስቃሴ ትውስታ ይባላል። ቁልፍ መቆለፍ፣ ስኒ ሳያፈስሱ ማንሳት፣ ደረጃ መውረድና ሲደናቀፉ ሚዛንን መጠበቅም በዚሁ ትውስታ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ዕድሜ ሲጨምር ምን ይለወጣል?

የእንቅስቃሴ ትውስታ ስምን፣ ቀንን ወይም ትናንት የተነገረንን ከምናስታውስበት ትውስታ የተለየ ነው። ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳወቁት ጥናት፣ አዲስ ነገር ማስታወስ የተሳነው አንድ ታካሚ በመስታወት እያየ የኮከብ ቅርጽ መሣልን ለሦስት ቀናት ተለማምዷል። ታካሚው መለማመዱን ባያስታውስም እጁ ግን ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ሄዷል። ስም የሚጠፋባቸው አረጋውያን የቆየ ሙያቸውን በሚገባ ሲሠሩ የምናየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ዕድሜ ሲገፋ አዲስ እንቅስቃሴ መማር ጊዜ ይወስዳል። ከስትሮክ በኋላ ማንኪያ እንደገና መያዝና በምርኩዝ መራመድ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። የለመዱት ሥራም ቢሆን ሳይሠራ ሲቆይ ቅልጥፍናው ይቀንሳል።

ኤሮቢክ እንቅስቃሴ እንዴት ያግዛል?

ኤሮቢክ እንቅስቃሴ ትልልቅ ጡንቻዎችን ሳያቋርጥ በማሠራት ልብንና ሳንባን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ ነው። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ብስክሌት መንዳትና እስክስታ ከዚሁ ይመደባሉ። ወደ አንጎል የሚደርሰውን የደም ዝውውር ያሻሽላል፤ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ እንዲገናኙ የሚረዱ ንጥረ ነገሮች እንዲመነጩም ያግዛል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ይፋ በሆነ ጥናት 120 አረጋውያን ለአንድ ዓመት ተከታትለዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ለ40 ደቂቃ በእግር የተጓዙት፣ ለትውስታ አስፈላጊ የሆነው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍላቸው በ2 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ሰውነትን የማሳሳብ እንቅስቃሴ ብቻ የሠሩት ግን ቀንሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በዴንማርክ በወጣቶች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ አዲስ የእጅ ልምምድ እንዳደረጉ ብስክሌት የሠሩ ሰዎች ልምምዱን ከሳምንት በኋላ በተሻለ ሁኔታ እንደያዙት አሳይቷል። በአረጋውያን ላይ የተደረጉ ተመሳሳይ ጥናቶች ውጤት ወጥ አይደለም። ስለሆነም የእግር ጉዞ ልምምድን የሚደግፍ እንጂ የሚተካ አይደለም፤ እጅ የሚማረው በመሥራት ነው።

ምን ያህል ይመከራል?

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚከተለውን ይመክራል፦

• በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ኤሮቢክ እንቅስቃሴ፤
• በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ፤
• በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛንን የሚያጎለብት እንቅስቃሴ።

መካከለኛ የሚባለው እየተራመዱ መነጋገር የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያስቸግርበት ፍጥነት ነው። ይህን ያህል ለመሥራት አቅም የማይፈቅድላቸው በ10 ደቂቃ ጀምረው ቀስ በቀስ ሊጨምሩ ይችላሉ። ልምምድን ከጉዞ ጋር በአንድ ቀን ማድረግና ሌሊት በቂ እንቅልፍ መተኛት ይመከራል፤ የተማሩት እንቅስቃሴ በእንቅልፍ ጊዜ ይጸናልና።

የአካባቢያችን መልክዓ ምድርና ጥንቃቄ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በአንገረብና በቀሐ ወንዞች መካከል ባለ ኮረብታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከመሃል ከተማ ወደ ቀሐና ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ቀላል የሚመስለው መንገድ ሲመለሱ ዳገት ይሆናል። ስለዚህ፦

• በሜዳማ ቦታ ይጀምሩ፤ ለመልስ ጉዞ የሚሆን ጉልበት ያስቀሩ፤
• ቁልቁለት ጉልበትን ስለሚጎዳና ለመውደቅ ስለሚያጋልጥ ምርኩዝ ይያዙ፤
• በክረምት ጭቃና የረጠበ ድንጋይ ያለበትን መንገድ ያስወግዱ፤ የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ።

የቤተሰብ ድርሻ

በባህላችን ልጆች ለወላጆቻቸው ያላቸውን አክብሮት ከሚገልጹባቸው መንገዶች አንዱ ሥራ ከእጃቸው መቀበል ነው። ከባድ ሸክምን መቀበል ተገቢ ነው። ነገር ግን እናት ጥጧን እንዳትፈትል፣ አባት ጓሮውን እንዳይኮተኩት መከልከል የቆየ ችሎታቸውን ያዳክማል። ሥራውን ከመቀበል ይልቅ አብሮ መሥራትና አብሮ መጓዝ ይበልጥ ይጠቅማል።

ከመጀመርዎ በፊት

የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም በቅርብ ጊዜ የወደቁ አረጋውያን በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሄደው አስቀድመው እንዲመረመሩ ይመከራል። ከስትሮክ ወይም ከስብራት በኋላ የሚያገግሙ ሰዎች እንቅስቃሴያቸውን በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምክር ሊጀምሩ ይገባል።

በጉዞ ላይ የደረት ሕመም፣ ከባድ የትንፋሽ ማጠር ወይም ማዞር ከተሰማዎ ወዲያውኑ ያቁሙና እርዳታ ይጠይቁ። ፊት በድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ የስትሮክ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።