ገናን ለታናናሾቻችን ስለ ማስተማር

ታኅሣሥ ገብቶ አዝመራው ከማሳ በተነሣ ጊዜ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ጐረምሳው ሁሉ ቆልማማ ዱላውን ይዞ ወደ ሜዳ እንደሚወጣ የታወቀ ነው። እኛ ሕፃናቱ ግን ከዳር ቆመን ያመለጠውን ሩር እየሮጥን ስናመጣ አደግን እንጂ ጨዋታውን ቁጭ አድርጎ ያስተማረን አልነበረም። ትልቅ ስትሆን ታውቀዋለህ ይሉናል፤ ትልቅ በሆንን ጊዜ ደግሞ ከእኛ እኩሌቶቹ ፊታቸውን ወደ እግር ኳስ አዙረው ነበር።

ባለፈው ዓመት ዕድሜያቸው ከሰባት እስከ ዐሥራ አንድ የሚሆን ዐሥራ አራት የሰፈራችንን ልጆች ገና ለማስተማር ተነሣሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ልጅ ከትላልቆቹ መካከል ገብቶ ሲጫወት ጥርሱን በዱላ ተመትቶ ስለ ነበር፥ እናቶች ሁሉ «ከእንግዲህ ልጄን በዚያ ሜዳ እንዳላየው» ብለው ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዬ ልጆቹን ሳይሆን እናቶቹን ማስረዳት ሆነ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልግለጸው። ሁለት ወገን ሆነው ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩሩን፥ ጥንግ የሚሉትም አሉ፥ እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ዳርቻ ያደርሳሉ። የተጫዋቹ ቁጥርም የሜዳው ስፋትም የተወሰነ አይደለም፤ መንደር ከመንደር ሲገጥም ሜዳው አገር ያህላል። የጌታን ልደት የሰሙ እረኞች ከደስታቸው ብዛት በዱላቸው ተጫወቱ ብለው አባቶች ይተርካሉ። በዓለም ላይ ሆኪ ከሚባለው ጨዋታ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን ሲሆን በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል።

አደጋው የሚመጣው ከየት ነው? እኔ እንዳየሁት ከዱላው ክብደት ነው። ሕፃኑ የታላቅ ወንድሙን የወይራ ዱላ ይይዝና ከብዶት በእጁ ማዘዝ ስለማይችል ከትከሻው በላይ አንሥቶ ይወረውረዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ ከወገቡ የማያልፍ፥ ውፍረቱ ከአውራ ጣት የማይበልጥ የክትክታ ዱላ ቈረጥን። ሩሩንም ከእንጨት በመጥረብ ፈንታ ከአሮጌ ጨርቅ ጠቅልለን፥ በክር አጥብቀን በበግ ቆዳ ሰፋነው፤ መጠኑ ብርቱካን ያህላል። አንድ ሕግ ብቻ አወጣሁ፤ ዱላውን ከጉልበቱ በላይ ያነሣ ልጅ ሩሩን ለተቃራኒው ወገን ይሰጣል። አልቈጣም፥ አልገሥጽም፤ ሩሩን ብቻ ይሰጣል። ከሁለት ቀን በኋላ ሕጉን የሚያስከብሩት ራሳቸው ሆኑ፤ እንዲያውም እኔ ረስቼ ዱላዬን ከፍ ባደረግሁ ጊዜ ዐሥራ አራቱም ጮኹብኝ።

የሆነ ሆኖ በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ተሳሳትሁ። እንደ አስተማሪ በሰልፍ አቆምኋቸውና አንዱ ሲመታ ዐሥራ ሦስቱ ይጠብቁ ነበር። የሚጠብቅ ሕፃን ምን እንደሚሠራ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ አፈር ይበትናል፥ ቀጥሎ ይጋፋል፥ ከዚያም ይጣላል። በሦስተኛው ቀን አራቱ ብይ ሊጫወቱ ሄዱ። በእርግጥም ብዩ ከእኔ ትምህርት ይሻል ነበር። ከዚያ በኋላ ለሁለት ልጅ አንድ ሩር አዘጋጅቼ ማንም እንዳይቆም አደረግሁ። የሄዱትም ሳልጠራቸው ተመለሱ።

በአሜሪካ ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ ለሕፃናት የሚያስተምሩበት መንገድ ረድቶኛል። ትንሽ ልጅ በአየር የተወረወረ ኳስ መምታት ስለሚያዳግተው ኳሱን በአጭር እንጨት ላይ አስቀምጠው ያስመቱታል። እንዲሁም በ1939 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በዊሊያምስፖርት ከተማ የተመሠረተው ሊትል ሊግ የተባለው የልጆች ማኅበር በቡድኑ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ በጨዋታው እንዲገባ በደንቡ ያዛል። እኔም በዚያው ሐሳብ መጀመሪያ የቆመ ሩር፥ ቀጥሎ ቀስ ብሎ የሚንከባለል፥ በመጨረሻ በሩጫ የሚመታ አደረግሁ። ሜዳውንም ወደ አርባ እርምጃ አሳጠርሁት።

ወገን ስለ መክፈል ግን ከፈረንጅ የምንማረው የለም። ሁለት አለቆች በየተራ የሚፈልጉትን እየጠሩ ከመረጡ፥ ደካማው ልጅ ሁልጊዜ መጨረሻ ቆሞ ይቀራል፤ ያን ዕለት የሚሰማውን የቀመሰው ያውቀዋል። የአገራችን ልጆች ልማድ ከዚህ ይበልጣል። በጉልበትና በዕድሜ የሚተካከሉ ሁለት ሁለት ልጆች ዘወር ብለው ለራሳቸው የምስጢር ስም ያወጣሉ፤ አንዱ አንበሳ፥ አንዱ ነብር ይባላል። ከዚያም ወደ አለቆቹ መጥተው «አንበሳ ወይስ ነብር?» ብለው ይጠይቃሉ። አለቃውም ማንን እንደ መረጠ ሳያውቅ ይመርጣል። ወገኖቹ ይመጣጠናሉ፥ ተጥሎ የቀረም ልጅ አይኖርም። ከዐሥራ አራቱ ሦስቱ ሴቶች ነበሩ፤ ገና የወንድ ጨዋታ ነው ብለው አንዳንዶቹ አጕረመረሙ። በኋላ ግን ከሴቶቹ አንዷ ከሁሉ ይልቅ ሩሩን አቅንታ ትመታ ስለ ነበር ሁሉም ከእርሷ ወገን ለመሆን ይመኙ ጀመር።

በጨዋታው መካከል ወገኑን ስቶ የሚመታውን «ሚናህን ለይ!» ይሉታል። ይህን ቃል ሕፃናቱ ወደዱትና ምሳ ሲቀርብ ሳይቀር በቤታቸው ይሉት ነበር አሉ። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም መስደቡ የቆየ ልማድ ነው፤ በገና ዕለት ጌታ እንኳ በሎሌው ቀልድ አይቈጣም ነበር። እኔ አላስቀረሁትም፤ ይሁን እንጂ ስድቡ በዱላውና በአመታቱ ላይ እንጂ በወላጅና በመልክ ላይ እንዳይሆን ወሰንሁ። የተሸነፈውም እንዲመልስ ተራ ሰጠሁ። ብዙ ጊዜ የሚበልጠው የተሸናፊዎቹ ግጥም ነው።

ሰዓቱን በሚመለከት፥ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ በመሆኑ በዙሪያው ያለው ደጋ በታኅሣሥ ጧት ውርጭ ይጥልበታል፤ ነፋስ መውጫንም ስም ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም። ጣቱ የደነዘዘ ልጅ ዱላው ያመልጠዋልና ፀሐይ ሳትሞቅ አይጀመርም። በስማዳ ቆላ ግን የሚሻለው ወደ ማታ ነው። የሚጾሙትንም ልጆች ሳይበሉ ማስሮጥ አይገባም።

በበዓሉ ቀን ልጆቹ ከትላልቆቹ በፊት ተጫወቱ። ያገባውን አልቈጥርም ብዬ ነበር፤ እነርሱ ግን በጠጠር ተደብቀው ይቈጥሩ ኖሯል። ጥርሱ የተመታው ልጅም ገብቶ ነበር። እናቱ በዳር ቆመው ሲያዩ ሩሩ እየተንከባለለ ከእግራቸው ሥር ደረሰ። አንሥተው በጣታቸው ጨመቅ ጨመቅ አድርገው፥ «አንተ ልጅ፥ ይህ ነው እንዴ?» አሉኝ። «አዎን፥ እትዬ» አልኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ሩሩን ወደ ሜዳው ወረወሩት።