የአሮጌ ከበሮ አምሳያ፦ ከቆዳው ሥር ያለውን መለካት



ድምፁ የተወደደ አሮጌ ከበሮን አስመስለን ስንሠራ የምንቀዳው ምኑን ነው? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። የቢትልስ ቡድን ከበሮ መቺ ሪንጎ ስታር በ1963 እ.ኤ.አ. መጫወት የጀመረበትን የሉድዊግ ድራም አስመስለው የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው። ልኩ የታወቀ ነው፤ ትልቁ ድራም 20 ኢንች፣ ትንሹ ቶም 12 ኢንች፣ የወለሉ ቶም 14 ኢንች የአፍ ስፋት አላቸው። ጥቁሩን የዕንቊ መሳይ ሽፋን ማስመሰልም አይከብድም። የሚከብደው ከሽፋኑ ሥር ያለው ነው። አካሉ ከ3 ስስ የእንጨት ንጣፎች ተጣብቆ፣ አፉ በውስጥ በኩል በእንጨት ቀለበት ተደግፎ የተሠራ ነው። የጠርዙ ቅርጽ ጥቂት ሲለወጥ ድምፁም ይለወጣል።

እኔ ይህን የተረዳሁት በመርሐቤቴ ነው። የጀማን ሸለቆ ተሻግሬ ወደ ዓለም ከተማ የሄድሁት በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ያለ አሮጌ ከበሮ ለክቼ አምሳያውን ለማሠራት ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ከበሮ በተለመደው አሠራር ከአንድ ግንድ፣ ብዙ ጊዜም ከዋንዛ፣ ተፈልፍሎ ይዘጋጃል። ሰፊና ጠባብ አፎቹ በእርጥብ የበሬ ቆዳ ይሸፈናሉ፤ ሁለቱ ቆዳዎች በጠፍር ይሳሰራሉ፤ ሲደርቁም ይወጠራሉ። ሰፊው አፍ ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ሊቃውንት ሰፊውን በመለኮት፣ ጠባቡን በትስብእት፣ ጠፍሩን በግርፋቱ ሰንበር ይመስሉታል።

እኔም የአፎቹን ዙሪያ በሲባጎ፣ ቁመቱን በሜትር ለካሁ፤ ጠፍሩን ቆጠርሁ። አምሳያው ሲያልቅ ለዐይን ከአሮጌው አይለይም ነበር። መሪጌታው ግን በመረግድ ጀምረው በጽፋት ከመቱት በኋላ፣ «ልጄ፣ መልኩን አምጥተኸዋል፤ ድምፁ ግን የእሱ አይደለም» አሉኝ።

ምክንያቱን ያገኘሁት የአሮጌው ቆዳ ተቀድዶ ሊለወጥ በተፈታበት ቀን ነው። ግድግዳው በሰፊው አፍ በኩል እጅግ ስስ ሲሆን፣ ወደ ጠባቡ ሲጠጋ ይወፍራል። ቆዳው የሚያርፍበት ጠርዝም ዶልዷማ ነው። የእኔው ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት፣ ስል ጠርዝም ነበረው። ጠራቢው ውስጡን እንደገና ከፈለፈለው በኋላ ድምፁ ወደ አሮጌው ቀረበ፤ ፈጽሞ አንድ ግን አልሆነም፤ የሁለት በሬ ቆዳ አንድ አይደለምና።

የሪንጎ ድራም በ2015 እ.ኤ.አ. ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል፤ ስለዚህ ጠባቂ አያጣም። የእኛ አሮጌ ከበሮዎች ግን ግንዳቸው ሲሰነጠቅ ሊጣሉ፣ በቆርቆሮም ሊተኩ ይችላሉ። የጠራቢው ጥበብ የተጻፈው ከውስጥ ነው፤ የሚነበበውም ቆዳው በሚፈታበት በዚያች አጭር ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ በየአገራችሁ የከበሮ ቆዳ ሲለወጥ ፈቃድ ጠይቃችሁ ተገኙ። የግድግዳውን ውፍረት ከአፍ እስከ አፍ ለኩ፤ የጠርዙን ቅርጽ በወረቀት አንሡ፤ የእንጨቱን ዓይነት ጠይቁ፤ ድምፁንም ቆዳው ከመፈታቱ በፊትና አዲሱ ከደረቀ በኋላ ቅዱ። አምሳያ መሥራት የሚጀምረው ከዚያ ነው።