ከእጅ ማንሳት እስከ አባላት መዝገብ

እሑድ ረፋድ ላይ ስብከቱ ያበቃል፣ ኪቦርዱ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ሰባኪውም ጥሪ ያደርጋል፦ «ጌታን የግል አዳኝህ አድርገህ መቀበል የምትፈልግ፣ ባለህበት እጅህን አንሳ።» እጁን ያነሳው ወደ ፊት ይወጣል፣ የንስሐውን ጸሎት ከሰባኪው እየተቀበለ ይደግማል፣ ጉባኤው እልል ይላል። ነገሩ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በወንጌላውያን ትምህርት ሰውየው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ድኗል፤ የሚጨመርበት ነገር የለም። የዚያች አጥቢያ አባል ለመሆን ግን ገና ወራት ይቀሩታል፤ እንደ ቦታው ዓመትም ይሞላል።

ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ይህ ግራ ያጋባል። እግዚአብሔር በአንድ ጸሎት የተቀበለውን ሰው ሽማግሌዎች ለምን ያስጠብቁታል? ጥያቄውን የአጥቢያ ሽማግሌ ለሆነ ሰው ብታነሱለት መልሱ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ እኛ ልብ አናይም፣ የምናየው ኑሮ ነው፣ ኑሮ ደግሞ በአንድ እሑድ አይታይም። መዳን በሰውየውና በጌታ መካከል ያለቀ ጉዳይ ነው፤ አባልነት ግን ሌሎች ሰዎች «እናውቀዋለን» ብለው የሚፈርሙበት ነው። የአባልነት ሥርዓቱ በሙሉ የተሠራው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

መንገዱ ከጥሪው በኋላ ወዲያው ይጀምራል። ወደ ፊት የወጡትን ሰዎች የክትትል አገልጋዮች ወደ ጎን ይዘዋቸው ይሄዱና ስም፣ ስልክና የሚኖሩበትን ሰፈር ይመዘግባሉ። ለሴት ሴት፣ ለወንድ ወንድ ይመደባል። በሳምንቱ ይደወላል፤ በሰፈሩ ካለው የቤት ለቤት ኅብረትም ጋር ያገናኙታል። ቀጥሎ የአዳዲስ አማኞች ትምህርት ይመጣል፦ ድነት፣ ጸሎት፣ ቃሉን ማንበብ፣ መንፈስ ቅዱስ፣ ጥምቀት፣ የጌታ እራት፣ አሥራት፣ መጨረሻ ላይ የቤተ ክርስቲያኒቱ የእምነት አቋምና መተዳደሪያ ደንብ። ከአዳራሹ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የመርካቶ ነጋዴና እሑድ ከሰዓት ብቻ የምትለቀቅ የቤት ሠራተኛ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ከአንድ አስተማሪ ይጽፋሉ። እንዲህ ያለ የሰው ድብልቅ በከተማችን ሌላ የት እንደሚገኝ እንጃ። አቴንዳንስ ይያዛል፤ ደጋግሞ የቀረ ለሚቀጥለው ዙር ይተላለፋል።

ትምህርቱ ሲያልቅ ቃለ መጠይቅ አለ። የብዙ ሰው ሆድ የሚባባውም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሽማግሌዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው የተሞላ ቅጽ አለ። «እስቲ ጌታን እንዴት እንዳገኘሽው ንገሪን» ብለው ይጀምራሉ። ልጅቱ ምስክርነቷን ትናገራለች። «ዛሬ ማታ ብትሞቺ የት ነሽ?» ይሏታል፤ «ከጌታ ጋር» ካለች «በምን እርግጠኛ ሆንሽ?» ብለው ይከተላሉ። «ደህና ሰው ስለሆንኩ» ያለ ተጠማቂ ትምህርቱ እንዳልገባው ይቆጠራል። ይህን ያህሉን ማንም ያጠናል። ከዚያ ግን ጥያቄው ወደ ቤት ይገባል፤ «እናትሽ ያውቃሉ?» ከኦርቶዶክስ ቤት ለመጣች ልጅ ከድነት ትምህርቱ ሁሉ ይህ ይከብዳል። ብልህ ሽማግሌ ከሆኑ የሚመክሯት ክርክር ሳይሆን ጠባይ ነው፤ በጾም ቀን እናትሽ ቤት ሥጋ ይዘሽ አትግቢ፣ እንጀራውን ጋግሪ፣ ውሃውን ቅጂ፣ ጌታ እንደለወጠሽ ከወሬሽ በፊት ከእጅሽ ይዩት።

ከወንዶቹ ጋር ጥያቄው ወደ እንጀራ መዞር ይወዳል። ጫት የሚሸጥ፣ መጠጥ ቤት የሚሠራ ሰው «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲባል ዝም ይላል። ጥሩ አጥቢያ ሌላ ሥራ ሲፈልግ አብሮት ይቆማል፤ ያልታደለው አጥቢያ «ስትተው ና» ብሎ ይሸኘዋል። በገጠሩ ደቡብ ከዚህ የባሰ አሮጌ ጥያቄ አለ፤ ሁለት ሚስት ያለው ሰው ሲያምን ምን ይደረግ? አንዷን ይፍታ ቢባል ልጆቿን ይዛ ወዴት ትሂድ? አብያተ ክርስቲያናቱ እዚህ ላይ አንድ መልስ ኖሯቸው አያውቅም፤ አለመኖሩንም እንደ ጉድለት አላይባቸውም።

ያለፈው ይጠመቃል። ሙሉ ወንጌል፣ ቃለ ሕይወትና ሌሎች ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ጥምቀቱ አምኖ የመሰከረ ሰው ውሃ ውስጥ የሚጠልቅበት ነው፤ በወንዝ፣ በሐይቅ ወይም በግቢው በተሠራ ገንዳ። ተጠማቂዎቹ ነጭ ጋውን ለብሰው ይሰለፋሉ፤ ቅያሪ ልብስና ፎጣ በፌስታል ይዘዋል። መጋቢው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ አንድ እጁ ከተጠማቂዋ ጀርባ፣ ሌላው ከደረቷ ላይ ከተጣመሩት እጆቿ። በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ብሎ ወደ ኋላ ያስተኛታል፤ ውሃው ፊቷ ላይ ይገጥማል፣ ወዲያው ትነሣለች፣ ዳር ያለው ሕዝብ በዝማሬና በእልልታ ይቀበላታል። በክረምት የአዲስ አበባ ማለዳ የተጠመቀ ሰው በዚያች ቅጽበት ያሰበው ስለ ክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ ነው ቢላችሁ ሙሉ በሙሉ አትመኑት፤ ጥርስ ይንገጫገጫል።

መሠረተ ክርስቶስ የመጣችበት የሜኖናውያን ልማድ ውሃውን በራስ ላይ ማፍሰስ ነው። መካነ ኢየሱስ ደግሞ ሉተራዊት ስለሆነች ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ ልጁ ሲያድግ ተምሮ በጉባኤ ፊት እምነቱን ያጸናል። በሕፃንነቱ በኦርቶዶክስ የተጠመቀውንም ዳግም አታጠምቅም። ስለዚህ ቃለ ሕይወት ያደገች ልጅ መካነ ኢየሱስ ያደገ ልጅ ስታገባ፣ ዕድሜ ልኩን ክርስቲያን ሆኖ የኖረው ሙሽራ «አልተጠመቅህም» ተብሎ ከአዳዲስ አማኞች ጋር ሲቀመጥ ታገኙታላችሁ። አማቶች የሚኮራረፉበት ነገር ቢቆጠር ይህ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ? ኤስ.አይ.ኤም. የሚባለው ሚሲዮን ወላይታ የገባው በ1920 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ ተጠምቀው የተቆጠሩት ምእመናን 48 ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ያህል ተሠርቶ 48 ሰው! ቁጥሩ የሚነግረን የሥራውን ክብደት ብቻ አይመስለኝም፤ ሰዎቹ ለመቁጠር አለመቸኮላቸውንም ጭምር ነው። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ነበር፤ ያስተማሩትም፣ ያጠመቁትም፣ የታሰሩትና የተገረፉትም የአገሩ ሰዎች ናቸው። አጥቢያ የምእመናኑ የራሳቸው ጉዳይ ነው፣ ማን እንደሚገባ የሚወስኑትም ከመካከላቸው የተመረጡ ሽማግሌዎች ናቸው የሚለው ልማድ እንዲህ ባለ ጊዜ ሥር ሰደደ።

ደርግ ሌላውን ትምህርት አስተማረ። መሠረተ ክርስቶስ በጥር 1974 ዓ.ም. ስትዘጋ፣ ሕንፃዎቿ ሲወረሱና መሪዎቿ ሲታሰሩ 5,000 ያህል አባላት ነበሯት። ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ሆነው፣ ድምፅ ዝቅ አድርገው እየጸለዩ ቆዩ። በ1983 ዓ.ም. አደባባይ ስትወጣ ቁጥራቸው ከ34,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ የማይታወቅ ሰው ቤት ማስገባት ወህኒ ቤት የሚያስገባ ነበርና «ማን ያውቀዋል?» የሚለው ጥያቄ የደንብ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ሆነ። ዛሬ ያ አደጋ የለም፤ ጥያቄው ግን በቃለ መጠይቁ ቅጽ ላይ «የሚያውቁህ ሁለት አባላት» በሚል መስመር ቀርቷል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 18.6 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት ነኝ አለ። ይህን ያህል ሕዝብ ሰው በሰው እየተዋወቀ ይግባ ማለት ቀላል አይደለም።

አባል የሆነ ሰው ምን ያገኛል? የጌታ እራት ይወስዳል፣ ሽማግሌ ይመርጣል፣ ይመረጣል፣ ኳየር ይገባል፣ ያስተምራል። አሥራቱን ድሮ በፖስታ፣ አሁን አሁን በቴሌብር ያስገባል። ሰርጉ በቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ከፈለገ ሁለቱም ወገኖች አባል መሆናቸው ይጠየቃል፤ የጋብቻ ምክርም ይማራሉ። ሲሞት የሚቀበርበት ቦታ ይኖረዋል። ይህ የመጨረሻው ለዛሬ የከተማ ወጣት ብዙ አይታየው ይሆናል፤ «ጴንጤ ነው» ተብሎ የቤተሰቡ መቃብር የተከለከለውን ሰው ታሪክ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ግን ስለ አባልነት ሲያስተምሩ ከዚህ መጀመር ይወዳሉ።

በአንጻሩ አባል ይጠየቃል። ሲሰክር የተገኘ፣ ጠንቋይ ቤት የሄደ፣ ከትዳሩ ውጭ የሄደ፣ የማያምን ያገባ በሽማግሌዎች ይመከራል፤ አልመለስ ካለ ከጌታ እራትና ከአገልግሎት ይታገዳል። ንስሐ ሲገባ በጉባኤ ፊት ይመለሳል። ሥርዓቱ ለመመለስ እንጂ ለመቅጣት አይደለም ይባላል፤ በብዙ ቦታም እውነት ነው። ሳታገባ ያረገዘች ልጅ ግን ጥፋቷ ከሆዷ ይታያል፣ አብሯት ያጠፋው ኳየር ውስጥ ቆሞ ይዘምራል። ይህን ያላየ አጥቢያ ያለ አይመስለኝም፤ ያስተካከለው ግን ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ የማይፈልጉ ሰዎች አሁን አማራጭ አላቸው። በኪራይ አዳራሽና በቴሌቪዥን የሚታወቁ የነቢያት አገልግሎቶች ዘንድ አንዳንዴ መዝገብም ሆነ ቃለ መጠይቅ የለም፤ መጥቶ መጸለይ፣ ትንቢት መቀበል፣ መባ ሰጥቶ መሄድ ነው። እሑድ አንዱ ቸርች፣ ረቡዕ ሌላው፣ ዓርብ ሦስተኛው ጋ የሚዞር ሰው በዝቷል። ሲታመም ግን ማን ይጠይቀው?

የሚዞረውን ከሚዛወረው የምትለየው አንዲት ወረቀት ናት፤ መሸኛ። አባል ከሐዋሳ ወደ አዳማ ሥራ ሲቀየር ከአጥቢያው መሸኛ ይዞ ይሄዳል። ስሙ፣ የተጠመቀበት ቀን፣ የትዳሩ ሁኔታ፣ ያገለገለበት ክፍል ይጻፍበታል፤ «በመልካም ምስክርነት የሚገኝ» የሚል ቃልም አለበት፤ ሽማግሌ ይፈርማል፣ ማኅተም ያርፋል። ተቀባዩ አጥቢያ መጀመሪያ የሚፈልገው ያን «መልካም ምስክርነት» የሚለውን ነው። ከሌለ ስልክ ይነሣል። የታገደ ሰው መሸኛ አይጻፍለትም፤ ወይም እገዳው ሳይሸሸግ ይጻፍለታል። ወረቀቷ ባሕርም ትሻገራለች፤ ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት ከአገር ቤት የመጣን ምእመን ሲቀበሉ ትጠየቃለች።

የሚያስቸግረው ወረቀቱን የሚጽፍ የሌለለት ሰው ነው። ጅዳ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ጌታን ያገኘች፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከሚሰበሰቡ እህቶች ጋር የተማረች ሴት አገሯ ስትመለስ ማኅተም ያለው የሚመሰክርላት አካል የላትም። አንዳንዱ አጥቢያ ያስተማረቻትን ሴት ስልክ ተቀብሎ ይደውላል። አንዳንዱ ደግሞ ከአዲስ ገቢዎች ጋር እንደ አዲስ እንድትማር ያደርጋታል፤ ለጸሐፊው ይቀልለዋል፣ ለሷ ግን ዓመታት በድብቅ ኅብረት መርታ መጥታ ስለ ጸሎት ሀሁ ብላ መጀመር ነው።