ባለአንድ ማርሽ ብስክሌትን ባለሦስት ማርሽ ስለ ማድረግ

ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቈረቈረችው በአስመራ ከተማ ብስክሌት የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን የዕለት ተዕለት አገልጋይ ነው። ሠራተኛው ወደ መሥሪያ ቤቱ፥ ተማሪውም ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄድበታል። ይሁን እንጂ አንድ ማርሽ ብቻ ያለው አሮጌ ብስክሌት በሜዳ ላይ ደኅና ቢሄድም፥ ዳገት ሲመጣ ባለቤቱ ወርዶ ይገፋዋል።

ባለቤቱ ይህን ብስክሌት ጥሎ ሌላ ለመግዛት ከማሰቡ በፊት፥ ሌላ መንገድ መኖሩን ልናሳስበው እንወዳለን። ይኸውም የኋላው ጎማ የሚዞርበትን እምብርት፥ መካኒኮች ሞዞ የሚሉትን፥ ማርሹን በውስጡ በሸሸገ ሞዞ መለወጥ ነው። የዚህ ዐይነቱ ማርሽ በብረት ቤት ውስጥ ስለ ተዘጋ አቧራና ጭቃ በቀላሉ አያገኘውም።

ለምሳሌ ያህል፥ ስተርሚ አርቸር የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ (በአውሮፓ አቈጣጠር) የሠራውን ባለሦስት ማርሽ ሞዞ እንመልከት። በመካከሉ ከዘንጉ ጋር የተያያዘና የማይዞር፥ 20 ጥርስ ያለው መዘውር አለ፤ ስሙንም ፀሐይ ይሉታል። እያንዳንዳቸው 20 ጥርስ ያላቸው አራት ትንንሽ መዘውሮች እንደ ፈለክ ይከቡታል፤ እነዚህንም 60 ጥርስ ያለው ቀለበት ከውጭ ያቅፋቸዋል። በአንደኛው ማርሽ ካቴናው አንድ ዙር ሲያዞር ጎማው ሦስት አራተኛ ዙር ብቻ ይዞራል፤ ይህ ለዳገት ነው። በሁለተኛው እኩል ለእኩል ይዞራሉ። በሦስተኛው ግን ጎማው አንድ ዙር ከሲሶ ይዞራል፤ ይህም ለሜዳ ነው።

እንግዲህ የፊተኛው መዘውር 46፥ የኋለኛው 18 ጥርስ ያለው፥ የጎማውም ዙሪያ 2.1 ሜትር የሆነ ብስክሌት በአንድ የፔዳል ዙር ወደ 5.4 ሜትር ይሄዳል። አዲሱ ሞዞ ሲገባ የኋለኛውን 22 ጥርስ ብናደርገው፥ በአንደኛው ማርሽ 3.3፥ በሁለተኛው 4.4፥ በሦስተኛው 5.9 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ የሜዳው ፍጥነት ሳይቀነስ ዳገቱ ይቀላል ማለት ነው።

ሞዞውን ከመግዛት አስቀድሞ በቸርኬው ላይ ያሉትን የራጂ ቀዳዳዎች መቍጠር ይገባል፤ የሞዞውም ቀዳዳዎች በቍጥር እኩል መሆን አለባቸው። የአዲሱ ሞዞ ወርድም በኋላው ሹካ መካከል የሚገባ መሆኑ ይለካ። አዲሱ ሞዞ ከአሮጌው ስለሚወፍር አጠር ያሉ ራጂዎች ያስፈልጋሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው የደኅንነት ጉዳይ ነው። አንደኛ፥ ፀሐይ የተባለው መዘውር ከዘንጉ ጋር ስለ ተያያዘ፥ በተረገጠ ቍጥር ዘንጉ ራሱ ሊዞር ይሞክራል። ስለዚህ ዘንጉን የሚይዙት ባለጥርስ ሮንዴላዎች ሊቀሩ አይገባም። ሁለተኛ፥ በቀድሞዎቹ ሞዞዎች በሁለተኛውና በሦስተኛው ማርሽ መካከል ኀይል የማያስተላልፍ ባዶ ስፍራ አለ። የማርሹ ሽቦ በትክክል ካልተወጠረ ፔዳሉ በድንገት ያመልጣል፤ ቆሞ የሚረግጥ ሰው ሊወድቅ ይችላል። መቈጣጠሪያውም ቀላል ነው፤ ማርሹን በሁለተኛው ላይ አድርጎ በቀኙ ዳዶ ቀዳዳ ሲመለከቱ፥ ሰንሰለቷን የያዘችው ቀጭን ዘንግ ትከሻ ከዋናው ዘንግ ጫፍ ጋር እኩል ልትሆን ይገባታል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የፍሬን ነገር ነው። አሮጌው ብስክሌት ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚቆም ከሆነ፥ ፍሬኑ ያለው በአሮጌው ሞዞ ውስጥ ነው፤ ሞዞው ሲወጣ ፍሬኑም አብሮ ይወጣል። ሌላ የኋላ ፍሬን ሳይገጠምለት ብስክሌቱን ወደ መንገድ ማውጣት በነፍስ መቀለድ ነው። ከአስመራ ወደ ምጽዋ የሚወርደው መንገድ በ115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ እስከ ባሕር ዳርቻ ድረስ ያዘቀዝቃል። በዚያም ጠማማ ቍልቍለት የፊት ፍሬን ብቻውን አያስተማምንም።

ብዙ ሰው ማርሽን ለመውጣት ሲል ይገዛል። እኛ ግን የምንመክረው፥ ባለቤቱ ዳገቱን ለመውጣት ከመዘጋጀቱ በፊት እንዴት አድርጎ እንደሚወርድ አስቀድሞ እንዲያስብበት ነው።