ፍራንክፈርት ላይ የንግግር ሕክምና መማር

አሜሪካ ውስጥ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያ ሆኖ ሙሉ ፈቃድ ለማግኘት ማስተርስ ዲግሪ ግድ ነው። ጀርመን ውስጥ ግን ዋናው መግቢያ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ የሙያ ትምህርት ቤት ነው። ፍራንክፈርት ያሉ ወገኖቻችን በጀርመንኛ ስሙ «ሎጎፔዲ» የሚሉት ይህ ሙያ የራሱ ሕግ አለው። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ አሥረኛ ክፍልን በሚገባ ያጠናቀቀ ወጣት አመልክቶ 3 ዓመት እንዲማርና በመጨረሻ የመንግሥት ፈተና እንዲቀመጥ ይፈቅዳል። ከ2009 ወዲህ በሙከራ መልክ ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲያስተምሩ በር ተከፍቷል። አኸን ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሙያው ምርምርና ማስተማር የሚፈልጉትን ከ1991 ጀምሮ ሲያሠለጥን ቆይቷል። ያም ሆኖ አብዛኛው ባለሙያ ዛሬም የሚወጣው ከሙያ ትምህርት ቤት ነው። ለፍራንክፈርት ነዋሪ ቅርብ ከሆኑት አንዱ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ርቆ ማይንስ ውስጥ፣ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሥር ይገኛል።

በእኛ ቤተሰቦች ዘንድ «ዩኒቨርሲቲ አይደለም» የተባለ ትምህርት ቶሎ ዝቅ ተደርጎ ይታያል። ይህን ትምህርት በዚያ ዓይን ማየት ግን ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል። ደንቡ 1740 ሰዓት የክፍል ትምህርትና 2100 ሰዓት የተግባር ሥልጠና ያዛል። ተማሪው የጉሮሮንና የጆሮን አሠራር፣ የነርቭ ሕክምናን፣ የሕፃናት ሕክምናን፣ ሥነ ልቦናን፣ የቋንቋ ሳይንስን ይማራል። የራሱም ድምፅ ይገራል፤ አተነፋፈሱ፣ አነጋገሩ፣ ድምፁን ሳይጎዳ ቀኑን ሙሉ መናገር መቻሉ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ገና ሲያመለክት ድምፁና መስማቱ ጤነኛ መሆኑን የሚመሰክር የሐኪም ወረቀት ይጠይቁታል።

ከ2100 የተግባር ሰዓቶች ውስጥ 340 ያህሉ ተማሪው ዝም ብሎ የሚያይባቸው ናቸው። ልምድ ያለው ሰው ከታካሚ ጋር ሲሠራ ተቀምጦ ይመለከታል፣ ይጽፋል፣ በኋላ ይጠይቃል። 1520 ሰዓት ደግሞ ራሱ ይሠራል። መምህሩ በክፍሉ ጥግ ሆኖ፣ ወይም በመስታወት ማዶ፣ ወይም በቪዲዮ ይከታተለዋል። ሕክምናው ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ውሳኔ ይመረመራል፦ ያንን ሥዕል ለምን መረጥክ? ልጁ ሲደክመው ለምን አላቆምክም? ሰውየው ቃሉን ሊያገኘው ሲል ለምን ቀደምከው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለጀማሪ ሁሉ ከባዱ ነው። ስትሮክ ያገኘው ሰው አንድ ቃል ፍለጋ ሲታገል ዝም ብሎ መጠበቅ ከሰው ተፈጥሮ ውጭ ይመስላል። ትምህርት ቤቱ ያንን ትዕግሥት በተደጋጋሚ ልምምድ ያስተምራል።

ታካሚዎቹም ብዙ ዓይነት ናቸው። የሚንተባተብ ልጅ፣ ድምፁ የተዘጋበት አስተማሪ፣ ማንቁርቱ በካንሰር ምክንያት የወጣለት ሰው፣ መዋጥ ያቃተው አዛውንት፣ ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን፣ ቃል የጠፋበት የስትሮክ ታካሚ። በመዋጥ ችግር ላይ የሚሠራ ባለሙያ ስሕተት ቢሠራ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ሙያው ተራ «የንግግር ልምምድ» አለመሆኑን ለመረዳት ይህ ብቻ ይበቃል።

ፍራንክፈርት በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጭንቅላታቸውን ተመትተው የተረፉ ወታደሮች ሲበዙ፣ የነርቭ ሐኪሙ ኩርት ጎልድሽታይን በ1916 በዚህችው ከተማ ውስጥ የአንጎል ጉዳት የሚያስከትለውን የሚያጠና ተቋም አቋቋመ። ከሥነ ልቦና ተመራማሪው አድኸማር ጌልብ ጋር ሆኖ ቁስለኞቹን ለዓመታት ተከታተላቸው፤ መረመራቸው፣ አስተማራቸው፣ ሥራ አለማመዳቸው። ከጎልድሽታይን የሚማሩት ዋና ነገር፣ ታካሚው የጎደለውን ብቻ መቁጠር እንደማይበቃ ነው፤ ሰውየው በሙሉ እንዴት ራሱን እንዳስተካከለ፣ የተዘጋውን መንገድ በምን አቅጣጫ እንደዞረ ማየት ያስፈልጋል። ጎልድሽታይን አይሁዳዊ ነበርና በ1933 ናዚዎች በርሊን ላይ አሠሩት፤ በሆላንድ አድርጎ አሜሪካ ገባ። ስለ ቋንቋ መታወክ የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ በ1948 ያሳተመው በስደት አገሩ ነው።

ለእኛ ወላጆች ግን ከሁሉ የሚቀርበው ጉዳይ የልጆች ቋንቋ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ ሰምቶ ያደገ ልጅ 3 ዓመት ሲሞላው መዋዕለ ሕፃናት ይገባል፤ ጀርመንኛ የሚጀምረው ያኔ ነው። ዓመት ሳይሞላው «ይህ ልጅ መታየት አለበት» ይባላል። የሄሰን ክልል ከ4 እስከ 4 ዓመት ተኩል የሆናቸውን ልጆች ቋንቋ የሚመዝንበት «ኪስ» የተባለ መመዘኛ አለው፤ በወላጅ ፈቃድ በየመዋዕለ ሕፃናቱ ይሠራበታል። ችግሩ የሚመጣው ልጁን የሚመዝነው ሰው የልጁን ግማሽ ቋንቋ ብቻ የሚሰማ ሲሆን ነው።

ጀርመንኛ በዋና ዓረፍተ ነገር ግሡን ሁለተኛ ቦታ ላይ ያስቀምጣል። አማርኛ መጨረሻ ላይ። ስለዚህ ልጁ «እኔ ኳስ አለኝ» በሚል ቅደም ተከተል በጀርመንኛ ቢናገር፣ ግሡን ወደ ኋላ ቢጥል፣ ገና እየተማረ ነው እንጂ አልታመመም። እውነተኛ የቋንቋ እድገት መታወክ በልጁ ቋንቋዎች ሁሉ ላይ ይታያል። ከመቶ ልጆች ሰባት ያህሉን የሚነካ ችግር ነው፤ አማርኛ መናገር አያመጣውም፣ አማርኛ መተውም አያድነውም። «ቤት ውስጥ ጀርመንኛ ብቻ አውሩት» የሚለው ምክር ዛሬም አልፎ አልፎ ይሰማል። ወላጅ በደንብ በማይችለው ቋንቋ ልጁን እንዲያሳድግ መምከር ልጁን ሁለቱንም ቋንቋ ማሳጣት ነው፤ ይህን የሚመክር ባለሙያ ትምህርቱን እንደገና ሊያይ ይገባል።

ለመመዘኛው ችግር መልስ የተገኘውም እዚያው ፍራንክፈርት ውስጥ ነው። የፍራንክፈርቱ የጎተ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፔትራ ሹልትስ ከማንሃይሟ ሮዝማሪ ትሬሲ ጋር ሆነው በ2011 «ሊዘ ዳትስ» የተባለ መመዘኛ አሳተሙ። ጀርመንኛን ሁለተኛ ቋንቋቸው ያደረጉ ልጆች የሚወዳደሩት ከእነሱው መሰሎች ጋር ነው፤ ልጁ ጀርመንኛ ከጀመረ ስንት ወር እንደሆነው ይታሰባል። ልጁ ስንት ቃል ያውቃል ከማለት ይልቅ ግሡን የት ያስቀምጣል፣ ዓረፍተ ነገር እንዴት ይገነባል ብሎ ይጠይቃል። አንድ ዓመት ብቻ ጀርመንኛ የሰማን የ4 ዓመት ልጅ በጀርመን ቤት ከተወለደ ልጅ ጋር ማወዳደር ፍትሕ የለውም፤ መመዘኛው ይህንን አስቀርቷል።

አንድ ነገር ግን ይቀራል፦ አማርኛው። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ እና ቀ ትንፋሽ ጉሮሮ ላይ ታፍኖ በግፊት የሚወጡ ድምፆች ናቸው፤ ጀርመንኛ የለውም። አማርኛ ቃልን በማጥበቅና በማላላት ይለያል፤ «ገና» ልደትም ነው፣ «እስካሁን» ማለትም ነው። ጀርመንኛ በበኩሉ ቃል መጀመሪያ ላይ ሦስት ተነባቢ ይደረድራል፣ በአማርኛ የማይሰሙ አናባቢዎችም አሉት። የአማርኛን ድምፆች የማያውቅ ሎጎፔድ የልጁን ጤናማ «ጠ» እንደ ጉድለት ሊመዘግበው ይችላል።

የአማርኛ ዕውቀት ለፍራንክፈርት እንግዳ አለመሆኑ ይገርመኛል። የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 ፍራንክፈርት አም ማይን ውስጥ ነው የወጣው። የጻፈው ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው፤ ያስተማሩት ደግሞ የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ሁለቱ በ1649 ሮም ተዋወቁ፣ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን ውስጥ ጎታ ድረስ ሄደው አብረው ሠሩ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ባሕር ላይ ስለሞቱ መጽሐፉን አላዩትም።

አገር ቤትም ፊደላችን ለሕክምና ውሏል። በ2002 አዲስ አበባ ላይ ለኦቲዝም ልጆች ጆይ ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ልጆቹ ድምፅ እንዲያወጡ የሚያግዝ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ በፊደል ላይ የቆመ ዘዴ ነደፉ። በ2021 አረፉ፤ ሥራቸው ግን በአማርኛ የሚሠራ የንግግር ሕክምና ከውጭ ብቻ መቅዳት እንደሌለበት አሳይቷል።

ፍራንክፈርት የተወለዱ፣ ጀርመንኛውንም አማርኛውንም የሚችሉ ወጣቶቻችን ወደዚህ ትምህርት ቢገቡ እወዳለሁ። የጀርመንኛ ደረጃው ከፍ ያለ ነው፤ ከውጭ ተምሮ የመጣ ባለሙያ ፈቃድ ሲጠይቅ ብዙ ክልሎች የመጨረሻውን የሲ 2 ደረጃ ይጠይቁታል። እዚያ ተምሮ ላደገ ወጣት ግን ይህ እንቅፋት አይሆንም። ከ2019 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲና በሕዝብ ሆስፒታሎች ሥር ባሉ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ተማሪዎች በየወሩ ክፍያ ያገኛሉ፤ ወጪውን የሚፈሩ ወላጆች ይህን ይጠይቁ።

ልጃቸውን ይዘው ወደ ሎጎፔድ የሚሄዱ ደግሞ አስቀድመው ይዘጋጁ። ሐኪም ሲያዝ የጤና መድኅን ይከፍላል፤ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ተጨማሪ ክፍያ የለበትም። የመጀመሪያው ቀን በጥያቄ ነው የሚያልፈው። ልጁ በአማርኛ የመጀመሪያ ቃሉን መቼ ተናገረ? ቃላት ማያያዝስ መቼ ጀመረ? ጀርመንኛ መስማት የጀመረው ከየትኛው ወር ነው? አያቱ በስልክ ስታናግረው ይግባባሉ? ከታላቅ ወንድሙ ወይም እህቱ ጋር ሲነጻጸር አማርኛው እንዴት ነው? የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ባለሙያው ባይጠይቅ እንኳ ወላጆች ሳይጠየቁ ይንገሩት፤ ከቻሉም ልጁ ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲያወራ ቀድተው ይውሰዱለት።